ከቀጨኔ ሰላሌ፦ የታደሰን ድንች ፍለጋ

እናቴ ከተመለስኩ ጀምሮ «ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ» ትለኛለች። ሞክሬአለሁ። በአፍ ስናገር ግን ይጠፋብኛል፤ ስለ አውቶቡሱ ጀምሬ ስለ ኮቱ አወራለሁ፣ ከዚያ ዝም እላለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። እሷ ከእንጦጦ ወዲያ ሄዳ አታውቅም። ሰፈራችን ውስጥ አብዛኛው ሰው እንደ እሷ ነው፤ እንጦጦ ማርያም ተሳልሞ ይመለሳል እንጂ ከተራራው ጀርባ ያለውን አገር የሚያውቀው በወሬ ነው።

የሄድኩት ድንች ፍለጋ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ታደሰ በአንድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የድንች ክፍል ሠራተኛ ነበር። ሥራው ድንች ማዳቀል ነው። የአንዱን ድንች የአበባ ዱቄት በሌላው አበባ ላይ ያራግፋል፤ ያልበሰለች ቲማቲም የምትመስለውን ፍሬ ይለቅማል፤ ውስጧ ያለውን ደቃቅ ዘር ይዘራል። እኛ ድንች ፍሬ እንዳለው እንኳ አናውቅም ነበር። «ከፍሬው የሚበቅሉት ወንድማማቾች ናቸው» ይለኝ ነበር። «እንደ እኔና አንተ። ከአንድ እናት ወጥተው አይመሳሰሉም። አንዱ ብዙ ይሰጣል፣ አንዱ ምች ይችላል፣ አብዛኛው ለምንም አይሆንም። ድንቹን ራሱን ስትተክለው ግን ያው እሱው ነው የሚመለሰው።» ምች የሚሉት በክረምት ጉም ሲወርድ ቅጠሉን አጥቁሮ ማሳውን በጥቂት ቀን የሚጨርስ በሽታ ነው።

ከእነዚያ ወንድማማቾች መሐል አንዱ፣ ሌሎቹ ሁሉ ሲጠቁሩ አልጠቆረም። ጣቢያው ግን ጣለው። ድንቹ ጎባጣ ነው፣ ምርቱም ገና አልታየም ተባለ። ታደሰ አልተዋጠለትም። «አንድ ክረምት ብቻ አይተው ፈረዱበት» አለ። ከተጣለው ግማሹን ሰላሌ ለሚያውቀው ገበሬ ሰጠ፣ ግማሹን በኬሻ አድርጎ አልጋው ሥር አስቀመጠ።

ሁዳዴ እንደገባ ታመመ። ጉበት ነው አሉን። ሆስፒታል ገባ፤ አልተመለሰም።

የለቅሶው ዕለት የእድራችን ሴቶች ወጥ ቤቱን ተረከቡ። ለቀስተኛው ብዙ ነበር፤ ጾም ስለሆነ ሥጋ የለም። ወጥ ቤቱን የምትመራው ጎረቤታችን እማማ ዘነበች አልጋው ሥር ኬሻውን አገኘች። ሐዘንተኛ ስለ ወጥ አይጠየቅም፤ ነውር ነው። እሷም አልጠየቀችም። ተልጦ ተከተፈ፣ በበርበሬ ተሠራ፣ ድንኳን ውስጥ ለተቀመጠው ሁሉ ቀረበ። የጣቢያው ኃላፊም በላ። ከበላ በኋላ ነው እናቴን ጠጋ ብሎ «ያ ታደሰ ወደ ቤት ያመጣው ድንች አለ?» ያላት።

እናቴ ትሪውን አየች። እሱም አየው። እጁን በወረቀት ጠረገ።

«ጥቂት ጤነኛ ድንች ብታገኙ የሚተከልበት ቦታ እሰጠዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ተሳስተንበት ሊሆን ይችላል። ከጠፋ ግን ጠፋ ነው። ያንኑ መልሶ ማዳቀል አይቻልም። እንደ ሰው ነው።»

እማማ ዘነበች ነገሩን ስትሰማ ደረቷን መታች። እናቴ «የልጄ ድንች ልጄን የሸኙትን አበላ፤ በቃ፣ ይኼ ወሬ ይቁም» አለች፤ ቆመ። አርባው ወጥቶ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ግን አንድ ቀን ጠዋት «ሰላሌ ያለው ሰውዬ ጋ ሂድ» አለችኝ።

ሐሙስ

ከቀበሌ መሸኛ ወረቀት አወጣሁ። እናቴ ጥቁር ሸሚዜን አስወለቀችኝ። «ጥቁር ለብሰህ የሰው ቤት አትግባ። እነሱ አልሰሙም። ማታ ከደረስክ አትንገር፤ መርዶ ንጋት ላይ ነው፣ ጎረቤት ተሰብስቦ። እስከዚያ ከጠየቁህ ደህና ነው በል።» ከዚያ የታደሰን የካኪ ኮት አመጣች። «እዚያ ብርድ ነው ይል ነበር።» ኮቱ ቀኝ ክርኑ ላይ በሰማያዊ ጨርቅ የተጣፈ ነው። እናቴ ማን እንደጣፈው አታውቅም፤ እኔም አላውቅም ነበር።

አዲሱ ገበያ የአውቶቡሱ ረዳት «ሙከጡሪ! ፍቼ! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው የቀረው!» ይላል። ከእኔ በኋላ ስንቱ ገባ፤ እሱ አሁንም «አንድ ሰው!» ነው። የተቀመጥኩት ጭልፋ የሚያህል ቁልፍ በአንገታቸው ካንጠለጠሉ አሮጊት አጠገብ ነበር። ቤታቸውን ቆልፈው ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው የሚሄዱት።

የእንጦጦን ዳገት ስንወጣ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አየን፤ እነዚያ የእኛው ናቸው፣ ሰፈር ውስጥ በየቀኑ አያቸዋለሁ። ተራራውን ስንሻገር ግን ሱሉልታ ተዘረጋ። እኔ እንዲህ ያለ ሜዳ አይቼ አላውቅም። ቀጨኔ ውስጥ ሰው ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል፤ ቀጥ ብሎ የሚሄድ የለም። እዚህ አንድ ሰው ፈረስ ላይ ሆኖ ከሩቅ ታየኝ። አውቶቡሱ ብዙ ሄዶ እንኳ ሰውየው ከዓይኔ አልጠፋም።

ጫንጮን ካለፍን በኋላ ጎማው ተነፈሰ። ወረድን። ትርፍ ጎማው ሲወጣ እሱም ለስላሳ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ጎሚስታ የለም እንዴ በዚህ አገር?» አሉ አሮጊቷ።

«አለ እማማ፣ ቅርብ ነው!» አለ ረዳቱ። «አዲሱ ገበያ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሾፌሩ ብቻ አልሳቀም። የጭነት መኪና መጥቶ ፓምፕ እስኪያበድረን ድረስ ሣሩ ላይ ተቀመጥን። አሮጊቷ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። «ለማን ነው የምትሄደው?» አሉኝ። «ለወንድሜ» አልኩ። መልሱ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። ሌላ ቁራሽ ጨመሩልኝ።

ሙከጡሪ ስደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ታደሰ ድንቹን ስለሰጠው ገበሬ ስለ ጋሽ ቶሎሳ ቤት ሲያወራ ከወንዝ ማዶ ብቻውን የቆመ፣ ጌሾ የከበበው ቤት ይለኝ ነበር። መንገድ የጠየቅኩት ሰው ግን «ያ ቀርቷል፤ አሁን መንደር ገብተዋል» አለኝ። ገበሬው ሁሉ ቤቱን አፍርሶ በአንድ ቦታ፣ በረድፍ እንዲሠራ ተደርጓል። መንደሩ መግቢያ ላይ ጠባቂው መሸኛዬን ተቀብሎ ማኅተሙን ብቻ አየና «ማኅተሙ ጥሩ ነው፣ እለፍ» አለኝ።

ቤቶቹ እንደ ክፍል ውስጥ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ሰፈራችን ቢያንስ የአንዱ ጣሪያ ዝጓል፣ የሌላው አጥር ጎብጧል፤ በዚያ ትለያለህ። የተነገረኝን ረድፍ ቆጥሬ ገባሁ። ባልና ሚስት ተነሡ፣ ሳሙኝ፣ አስቀመጡኝ፣ እርጎ በቅል ሰጡኝ። ጠጥቼ ስጨርስ «ጋሽ ቶሎሳ፣ እንዴት ሰነበቱ?» አልኩ።

ሰውየው ሚስቱን አየ። «ቶሎሳ ከኋላችን ነው» አለ።

እኔ አፍሬ ልነሣ ስል «ቁጭ በል! የጀመርከውን ጨርስ፣ ቶሎሳ አይሸሽም» አለኝና ሁለተኛ ቅል አስጠጥቶ ራሱ አደረሰኝ።

ጋሽ ቶሎሳ ረዥም፣ ድምፁ ቀስ ያለ ሰው ነው። የታደሰ ወንድም ነኝ ስለው ፊቱ በራ። «ብርቄ! የታደሰ ታናሽ መጥቷል!» ብሎ ሚስቱን ጠራ። ወዲያው «ታደሰስ? ምነው እሱ ቀረ?» አለኝ።

«ደህና ነው» አልኩ።

«ዘንድሮ ጠፋብን። ሥራ በዝቶበት ነው?»

«አዎ… እ… በዝቶበት ነው።»

እትዬ ብርቄ የእጅ ውሃ ይዛ መጣች። እጄን ዘረጋሁ። ውሃው ሲፈስስ ቆየ፤ ታጥቤ ጨርሻለሁ፣ ውሃው ግን አልቆመም፣ መሬት ላይ ይወርዳል። ቀና ስል ዓይኗ ክርኔ ላይ ነው።

«ውሃው በዛብህ፣ ይቅር በለኝ» አለችና ወጣች።

ስትመለስ እራት አቀረበች። በኩበት እሳት የበሰለ የባቄላ ክክ ወጥ ነው። ቤታችን ምድጃው በባሕር ዛፍ ቅጠል ስለሚነድ ምግቡ ሁሉ የእንጦጦን ሽታ ይዞ ነው የሚመጣው፤ እዚህ ሽታው የከብት ነው። ሁለቱ እየተፈራረቁ አጎረሱኝ። ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ፣ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ። ስለ ታደሰ ግን ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀኝም። እኔ እፎይ አልኩ። ምክንያቱን አላሰብኩም። ጋሽ ቶሎሳ የራሱን ጋቢ አለበሰኝ፤ እኔም ንጋት ላይ የምናገረውን በልቤ እየደጋገምኩ ተኛሁ።

ዓርብ

የምናገረውን አልተናገርኩም።

ገና ጎሕ ሲቀድ በሩን ከፍቼ ብወጣ ሰው አጥሩን ተደግፎ ተቀምጧል። ወንዶቹ ጋቢያቸውን፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ትናንት እርጎ ያጠጡኝ ባልና ሚስትም አሉ። ጋሽ ቶሎሳ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ልጄ፣ ምንም አትበል» አለኝ። «ያንን ክርን ብርቄ ናት የሰፋችው። ከቀሚሷ ጫፍ ቀድዳ። እሱ በሕይወት እያለ ያንን ኮት ለሰው አይሰጥም። ማታ ነው ያወቅነው።»

ከዚያ እሱ ራሱ አለቀሰ፤ ሴቶቹም ተከተሉ። እኔ… ምን ልበል። ሰፈራችን ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ እያየኝ ማልቀስ አቅቶኝ ነበር። እናቴን ልይዝ፣ ወንበር ላመጣ፣ ሰው ልሸኝ ነው የቆየሁት። እነ ጋሽ ቶሎሳ ጋ ግን ማንም ሥራ አልሰጠኝም። ተቀመጥኩና አለቀስኩ።

ለቅሶው በእኛ እንደሚደረገው ነው፣ ድንኳን የለም እንጂ። የሐዘን ቤት ምድጃ እዚህም አይነድም፤ ጎረቤት ነው ይዞ የሚመጣው። ቆሎ መጣ፣ ንፍሮ መጣ። አንድ ሽማግሌ ታደሰ ጓሯቸው ውስጥ ተንበርክኮ የድንች አበባ ሲያይ እንዴት እንዳገኙት ተናገሩ። «ንብ ሆነሃል ወይ? ብለው፣ ንብ ብሆን ደመወዝ አይቆርጡብኝም ነበር አለኝ» አሉ። ሰው በለቅሶው መሐል ፈገግ አለ። የወንድሜን ቀልድ ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰው ከተበተነ በኋላ ስለ ድንቹ ጠየቅኩ። እኛ ቤት የነበረው በለቅሶው መበላቱንም ነገርኳቸው። ጋሽ ቶሎሳ አንገቱን ደፋ።

«ለዘር ያስቀመጥኩትን ይዘን ነው ወደዚህ የመጣነው» አለ። «ስንመጣ ግን ቤቱ ገና ሣር አልለበሰም። የበልጉ ዝናብ ላያችን ላይ ወረደ። እህሉን ስናድን ድንቹ ውሃ ውስጥ ከረመ። በሰበሰ። ምች ያላሸነፈውን ድንች ጣሪያ ማጣት ጨረሰው። ለታደሰ ምን ብዬ እነግረዋለሁ ስል ነበር።»

እትዬ ብርቄ ንፍሮ እየሰበሰበች ነበር። «የድሮው ጓሮስ?» አለች።

«ምን አለ እዚያ? ከብት ገብቶበታል።»

«ስንቆፍር ሁሉንም ለቅመናል? ድንች መቼ ተለቅሞ ያልቃል? ሁልጊዜ የሚደበቅ አለ።»

ጋሽ ቶሎሳ ወደ ወንዙ አቅጣጫ አየ። «ነገ እንሄዳለን» አለ።

ቅዳሜ

ወንዙን ተሻገርን። ውሃው ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ነው፤ የቀጨኔ ወንዝ ይህን ያህል ንጹሕ ቢሆን ሰፈራችን ሌላ ወሬ አይኖረውም ነበር። ተንሸራትቼ አንድ ጫማዬ ውስጥ ውሃ ገባ። እትዬ ብርቄ «የከተማ እግር!» ብላ ሳቀችብኝና ሣር ነጭታ ጫማዬ ውስጥ ጎዘጎዘችልኝ።

የቤቱ እንጨት ተነቅሎ ወደ አዲሱ መንደር ሄዷል። የቀረው ክቡ መሠረት፣ ሦስቱ ጉልቻና ጌሾው ነው። ጋሽ ቶሎሳ ጉልቻውን አየት አድርጎ አለፈ። ጓሮው ከኋላ ነው። መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነው፣ የበሰበሰ ጎመን የሚመስል። ከዚያ አየሁት። ሳይቆፈሩ የቀሩት ድንቾች በበልጉ ዝናብ በራሳቸው በቅለዋል፤ በቅለው ግን ምች መቷቸዋል። አገዳቸው ጠቁሮ መሬት ላይ ተኝቷል። በመሐሉ የከብት ኮቴ አለ።

«አልኩህ» አለ ጋሽ ቶሎሳ። «አልቋል።»

እኔ ቆሜ ቀረሁ። ይህን ሁሉ መንገድ ለዚህ ነው የመጣሁት ብዬ ሳስብ፣ እትዬ ብርቄ ጥቁሩን እየተራመደች ወደ አጥሩ ጥግ ሄደች።

«ቶሎሳ» አለች። ድምፅዋ ቀስ ብሎ ነው የወጣው። «የእኛ ድንች አበባው ነጭ ነው አይደል?»

ጥጉ ላይ ጥቂት አገዳዎች ቆመዋል። አረንጓዴ ናቸው። ጥቁሩ እግራቸው ሥር ድረስ መጥቷል፤ ታችኛው ቅጠል ላይ ነጠብጣብ አለ፣ ከዚያ በላይ ግን አልወጣም። አበባቸው ሐምራዊ ነው። ጋሽ ቶሎሳ ባርኔጣውን አወለቀ።

እኔ ተንበርክኬ አፈሩን መዛቅ ጀመርኩ። እትዬ ብርቄ እጄን መታችኝ።

«ተው! ገና ልጅ ነው። ነቅለህ ልትገድለው ነው?»

«ጥቂት ይዤ መሄድ አለብኝ…»

«ቀስ በል። እኛ በክረምት፣ ጎተራው ሲራቆት እንዴት እንደምንበላ ታውቃለህ? እየዳበስን ነው።» ከአጠገቤ ተቀመጠችና እጇን ከአገዳው ጎን አፈሩ ውስጥ አስገባች። ዓይኗን ጨፍናለች። ከተኛች ዶሮ ሥር ዕንቁላል የምትፈልግ ትመስላለች። «ይኼ ትንሽ ነው፣ ይቆይ… ይኼም ይቆይ… እ፣ ይኼ ይወጣል።» እጇ ሲወጣ አንድ ድንች ይዟል። አፈሩን መለሰች፣ ጠቅጠቅ አደረገችው። አገዳው አልተነቃነቀም።

ድንቹን ሰጠችኝ። ቆዳው ገና ስስ ነው፣ በአውራ ጣት ይላጣል። አንድ ጎኑ ላይ ጉብታ አለው፤ አልጋው ሥር ከነበሩት ጋር አንድ ነው። ታደሰ ያንን ጉብታ እየነካ «መልክ አይበላም» ይል ነበር። ያው እሱው ነው። ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ከየአንዳንዱ አገዳ ሥር አንድ አንድ አወጣችልኝ። ከአንዱ ምንም አላወጣችም። «ይኼኛው ደካማ ነው፣ አናስቸግረው» አለች። ጋሽ ቶሎሳ እሾህ ቆርጦ ጥጉን አጠረ። ቦታው አሁን የእሱ አይደለም፣ የገበሬ ማኅበሩ ግጦሽ ተብሏል። «ሊቀመንበሩን እለምነዋለሁ» አለ። «እምቢ ካለኝ ከብቶቹን እለምናለሁ።»

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሸኙኝ። ለእናቴ ቅቤ በቅጠል ጠቅልለው፣ ለመንገዴ ደግሞ የተቀቀለ ድንች በከረጢት ሰጡኝ፤ የተቀቀለው የራሳቸው፣ ነጭ አበባ የነበረው ነው። እትዬ ብርቄ ክርኔን ይዛ ስፌቱን ጎተት ጎተት አድርጋ አየችው። «ገና ይቆያል» አለች።

ኬላው ላይ አውቶቡሱ ቆመ፤ ወርደን ተሰለፍን። ወደ ከተማ እህል እንዳይገባ ይፈትሻሉ። ተቆጣጣሪው ከረጢቴን ከፈተ።

«ድንች» አለ። «የተቀቀለ። ጥሩ። ጓድ፣ ኪስህን ምን ነፋው?»

«እሱም… ድንች ነው።»

«የተቀቀለው በከረጢት፣ ጥሬው በኪስ?»

ከኋላዬ አንዱ «የደረት ኪሱንም ፈትሽ፣ በርበሬ አያጣም!» አለ። ሳቁ። ኪሴን ስገለብጥ አንዱ ወደቀ፤ ተንከባሎ ወደ አውቶቡሱ ጎማ ሄደ። አንዲት ዶሮ የታቀፈች ሴት በእግሯ አቆመችው። «ስጡት ባካችሁ፣ ልጁ ሊያለቅስ ነው!» አለች። አልተሳሳተችም። የታላቅ ወንድሜ ነው፣ ሞቷል፣ ይህ ዘሩ ነው አልኩ፤ ቃሉ ተደባልቆብኝ ነው የወጣው። ተቆጣጣሪው ትንሽ አየኝ። ከከረጢቱ አንድ የተቀቀለ አንሥቶ ቆዳውን ላጠ። «ጥሬውን ያዝ» አለኝ። «እኔ ዘር አልበላም።»

ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ፤ ገባን። ሱሉልታ ላይ ዝናብ መጣ፣ እንጦጦ ላይ ጉም። እጄን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ነው የመጣሁት።

እናቴ በር ላይ ነበረች። ድንቾቹን እጇ ላይ አስቀመጥኩ። ጉብታውን በጣቷ ነካችው። ቤት ገባችና ከቀብሩ ወዲህ ማንም ያልተቀመጠበት የታደሰ አልጋ ላይ ትሪ አስቀመጠች፣ ጭድ ጎዘጎዘችበት፣ ደረደረቻቸው።

የጣቢያው ኃላፊ መጥቶ አያቸው። ድንች ከእናቱ እንደተለየ አይበቅልም፣ ጥቂት ወራት ይተኛል አለን። የእነሱ ማከማቻ ያልተመዘገበ ድንች ስለማይቀበል ብርሃን ባለበት እኛው ጋ ይቆዩ፤ ቡቃያ ሲያወጡ መጥቶ ይወስዳቸዋል፣ በመስኖ ይተክላቸዋል።

እማማ ዘነበች በማግስቱ መጣች። በሩ ላይ ቆማ አልገባ አለች።

«ግቢ እንጂ ዘነቡ» አለቻት እናቴ። «እነዚህን ብትነኪ ግን ለእድሩ ነግሬ አላስቀብርሽም።»

«እኔን ቀቅላችሁ ብሉኝ፣ አልነካም!» አለች እማማ ዘነበች። እናቴ ሳቀች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነው የሳቀችው፤ ሁለቱም ከዚያ አለቀሱ፣ ግን መጀመሪያ ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ እማማ ዘነበች ቀጨኔ መድኃኔዓለም ተሳልማ ስትመለስ በየጠዋቱ ትገባለች። ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ትሪው ላይ ታጎነብሳለች። «ነቁ?» ትላለች። እናቴ «ገና ናቸው» ትላለች። ክረምቱ በዚህ አለቀ።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል፣ ዛሬ ጠዋት፣ እናቴ መስኮቱን ከፍታ በአጥሩ ላይ ስትጣራ ሰማሁ።

«ዘነቡ! ዘነቡ! ነይ፣ አንዱ ነቅቷል!»

እማማ ዘነበች በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች። እጆቿን ገና ከበሩ ላይ ወደ ኋላ አጣምራለች።